ልኬቱ በየትኛው ሁክ ይግባ?

ለድሩፓል ሞጁል ስጽፍ አስቀድሜ የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ ይህ መረጃ የገጹ ነው ወይስ የሰዓቱ? ጥያቄው ምን ያህል እንደሚከብድ የካርቱምን ወንዝ ያየ ሰው ይገባዋል።

ከጣና የሚወጣው ጥቁር ዓባይ ሱዳን ሲገባ ከፍታው በኤድ ደይም ይለካል፤ ወረድ ብሎ በሮሴሬስ፣ በሴናርና በካርቱምም እንዲሁ። ለየጣቢያው አንድ ገጽ ያለው ድረ ገጽ እንሥራ እንበል። የጣቢያው ስምና መግለጫ በገጹ ኖድ ውስጥ ይቀመጣል፤ የየሰዓቱ ልኬት ግን በሌላ ሰንጠረዥ ይጠራቀማል። ኖዱ ሎድ ሲደረግ ሞጁላችን በሁክ በኩል ይገባና ልኬቱን ይጨምርበታል። የድሩፓልን ዋና ኮድ ሳንነካ ይህን ማድረግ መቻላችን ዛሬም ደስ ይለኛል።

እስከ ድሩፓል 6 ድረስ ሁኩ ለእያንዳንዱ ኖድ ለየብቻ ይጠራ ስለነበር፣ 50 ገጽ የሚዘረዝር ዝርዝር 50 ተጨማሪ ኩዌሪ ያስከትል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ድሩፓል 7 ኖዶቹን ሰብስቦ ባንድ ላይ ስለሚያስረክብ የሁሉም መረጃ በአንድ ኩዌሪ ይመጣል። ዛሬም ኖዶቹን ባንድ ላይ ተቀብለው በሉፕ አንድ በአንድ የሚጠይቁ ሞጁሎች ያጋጥሙኛል፤ ያሳዝነኛል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የመጣው ድሩፓል 8 ሌላ ሁክ ጨመረ። ኖዱ ከዳታቤዝ ሲወጣ የሚጠራው ይህ ሁክ ያከለው ሁሉ ከኖዱ ጋር ካሽ ውስጥ ይቀመጣል። ከእሱ ቀጥሎ የሚጠራው የቀድሞው ሁክ ግን ኖዱ ከካሽ ሲነሣም ይሠራል። ጣቢያው የሚገኝበት ኬክሮስና ኬንትሮስ ስለማይለወጥ በአዲሱ ሁክ ቢገባ ይጠቅማል። የውሃው ከፍታ እዚያ ከገባ ግን የትናንቱ ቁጥር ዛሬም የዛሬ መስሎ ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ2020 ክረምት ጥቁር ዓባይ ካርቱም ላይ 17.66 ሜትር ደረሰ፤ መመዝገብ ከተጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ እንዲህ ሞልቶ አያውቅም። መንግሥት የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። ሁለቱ ዓባዮች በሚገናኙበት የቱቲ ደሴት ነዋሪዎች ዳርቻውን በአሸዋ ከረጢት ለማገድ ታገሉ። ልጆቹን ይዞ ከቤቱ ይውጣ አይውጣ ለሚያመነታ አባት ያረጀ ቁጥር ማሳየት ከዝምታ ይከፋል።

ስለዚህ የሚለዋወጥ ልኬት ኖዱ ሎድ ሲደረግ በሚጠራ ሁክ ጨርሶ ባይገባ እመርጣለሁ። ያ ሁክ አርታዒው ርዕስ ሲያርምም፣ የፍለጋ ማውጫው ሲታደስም ይጠራል፤ ማንም ለማያየው ቁጥር ዳታቤዙ ይደክማል። ልኬቱ መምጣት ያለበት ገጹ ለአንባቢ ሲዘጋጅ ነው። የተዘጋጀው ገጽም ራሱ ካሽ ስለሚደረግ የዕድሜ ገደብ ይበጅለት። ሞጁል የምትጽፉ ሁሉ፣ ከቁጥሩ ጎን የተለካበትን ሰዓት መጻፍ አትርሱ።