አሮጌው ቦይለር ሳይታይ አዲስ አይገዛም

በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ሲበርድ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ጥያቄው ያው ነው፤ «ቦይለራችን ሞተ፣ የትኛውን እንግዛ?» መልሴም ያው ነው፤ አሮጌውን አትጣሉት፣ መጥቼ ልየው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ጥገና ፈልጌ ሥራ ላራዝም ይመስለዋል። እኔ ግን የምፈልገው የሞተበትን ምክንያት ነው። ምክንያቱ ካልታወቀ አዲሱም በዚያው ግድግዳ ላይ፣ በዚያው ውሃና በዚያው መስመር፣ በዚያው በሽታ ይሞታል።

መብራቱን አጥፍቼ፣ ውሃውን አፍስሼ የታችኛውን ክዳን ስፈታው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱን አገኛለሁ። የመጀመሪያው የተበሳ ታንክ ነው። የብዙዎቹ ቦይለሮች ታንክ ብረት ሆኖ ውስጡ በኢናሜል የተለበጠ ነው። ኢናሜል ደግሞ ጥቃቅን ስንጥቅ አያጣም፤ ውሃው በዚያ ገብቶ ብረቱን ያገኘዋል። ፋብሪካው ይህን ስለሚያውቅ ውስጡ የማግኒዥየም ዘንግ ያስገባበታል፤ አኖድ ይባላል። ማግኒዥየም ከብረት ቀድሞ ስለሚበላ ዝገቱን በራሱ ላይ ይወስዳል። ዘንጉ ተበልቶ ሲያልቅ ተራው የታንኩ ነው። አኖድ ከአዲስ ቦይለር ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው፤ የሚፈታውም በመፍቻ ነው። ያም ሆኖ በከፈትኳቸው ብዙ ታንኮች ውስጥ የቀረው መሃሉ ላይ የነበረው ቀጭን የብረት ሽቦ ብቻ ነበር፤ ባለቤቶቹ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን የነገራቸው የለም። የተበሳውን ማስበየድ አይረዳም፤ የብየዳው ሙቀት በዙሪያው ያለውን ኢናሜል ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ አዲስ ስትገዙ መጀመሪያ ሻጩን የምትጠይቁት ስለ መብራቱና ስለ ቀለሙ አይደለም፤ አኖዱ በቀላሉ ይወጣል ወይ፣ መለወጫውስ እዚህ ይገኛል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው ነጭ ቅርፊት ለብሶ የተቃጠለ ማሞቂያ ነው። የከተማችን ውሃ ከአንድ ቦታ አይመጣም፤ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣ አለ፣ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣም አለ። የጉድጓድ ውሃ በድንጋይ ውስጥ ስለሚያልፍ አብዛኛውን ጊዜ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይበዛዋል፤ ሲሞቅም ያንን በማሞቂያው ላይ ይጥላል። ቅርፊቱ ሲወፍር ሙቀቱ ወደ ውሃው መውጫ ያጣና ማሞቂያው ራሱን ያቃጥላል። የቤታችሁን ውሃ ማንቆርቆሪያችሁ ይነግራችኋል፤ ውስጡ ቶሎ የሚነጣ ከሆነ ቦይለራችሁም እንደዚያው ነው። በተለይ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሲያልፍ ቅርፊቱ ይፈጥናል። መቆጣጠሪያውን እስከ 75 ድረስ አዙሮ መተው የተለመደ ነው፤ 60 ላይ ይቁም እላለሁ። ከዚያም በታች ለረጅም ጊዜ አታውሉት፤ ለብ ብሎ የሚቆም ውሃ ሳንባ የሚያጠቃ ባክቴሪያ ይራባበታል።

ሦስተኛው ያሳዝነኛል፤ ገና ሳያረጅ በባዶ ታንክ የነደደ ማሞቂያ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ በተለይ በኮንዶሚኒየም የላይኛው ፎቅ፣ መስመሩ ሲደርቅ በታንኩ ውስጥ የነበረው ውሃ በመጣበት ቧንቧ ወደ ታች ይመለሳል። ማሞቂያው አየር ላይ ይቀራል፤ መብራቱ ግን አልጠፋም። ይህን የሚከለክለው በቀዝቃዛው መግቢያ ላይ የሚገጠም ትንሽ ቫልቭ ነው፤ ውሃ እንዲገባ እንጂ እንዲመለስ አይፈቅድም። ብዙውን ጊዜ ያው ቫልቭ ግፊቱ 8 ባር አካባቢ ሲደርስ የሚያስተነፍስም ነው። ሃምሳ ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ይጨምራል፤ መመለሻው ስለተዘጋ ትርፉ በዚህ ቫልቭ ይንጠባጠባል። «ያፈስሳል» ብለው በቡሽ የደፈኑት ቤት ገብቼ አውቃለሁ። ይህ ቦይለሩን ወደ ፈንጂ መለወጥ ነው። ይንጠባጠብ፤ ከሥሩ ቱቦ አድርጋችሁ ወደ ፍሳሹ ምሩት።

ከዚህ በኋላ ነው የመጠን ወሬ የሚመጣው። አንዲት እናት ባለ 80 ሊትር እንድሰቅልላቸው ፈልገው «ልጄ፣ ትልቁን አምጣልኝ፤ ልጆቹ ሲሰበሰቡ አይበቃንም» አሉኝ።

«እማማ፣ ማን መቼ እንደሚታጠብ ይንገሩኝ እስቲ።»

«እኔ ሌሊት ለቤተ ክርስቲያን ስነሣ። ልጄ ማታ ከሥራ ስትገባ። የልጅ ልጆቼ ቅዳሜ ከሰዓት ነው።»

እንግዲህ 50 ሊትር በ60 ዲግሪ ከቀዝቃዛው ጋር ሲቀላቀል ለገላ የሚስማማ 95 ሊትር ያህል ይሆናል፤ ውሃ ለማይረጭ ሰው ለሁለት፣ ምናልባትም ለሦስት ይበቃል። ባለ 1.5 ኪሎዋት ማሞቂያ ደግሞ ከአንድ ሰዓት ተኩል ትንሽ አልፎ እንደገና ይሞላዋል። ለእርሳቸው ቤት ሃምሳው በቂ ነበር። ሰማንያው አንዴ እስኪሞቅ 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፤ ሃምሳው 2.5 ነው። ግድግዳቸውም ብሎኬት ነበር፤ ባለ 80 ሊትር ሲሞላ ከነአካሉ ከመቶ ኪሎ ይበልጣል፤ ክፍት ብሎኬት ላይ በተራ ፊሸር አይሰቀልም፣ ግድግዳውን በስቶ በሚያልፍ ቡሎን መታሰር አለበት።

«ታንክ የሌለው፣ ቶሎ የሚያሞቀው አይሻልም?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። በደቂቃ 5 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 40 ዲግሪ ለማድረስ ወደ 7.7 ኪሎዋት ይፈልጋል፤ በ220 ቮልት 35 አምፔር ማለት ነው። ለባለ 1.5 ኪሎዋቱ የተዘረጋው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይህን አይችልም። በዚያ ላይ ምጣዱ ሲጣድ ብቻውን 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይወስዳል። ሌላም አለ፤ ይህ ዓይነት ማሞቂያ የሚነሣው የውሃ ግፊት ሲያገኝ ነው። ከራሳችሁ በላይ ሦስት ሜትር ላይ የተቀመጠ ሮቶ የሚሰጠው ግፊት 0.3 ባር ብቻ ነው፤ ያለ ፓምፕ ብዙዎቹ አይበሩም። መብራት ሲጠፋም ወዲያው ቀዝቃዛ ነው፤ የታንኩ ውሃ ግን ለሰዓታት ሙቀቱን ይይዛል። ለእኛ ከተማ ምርጫዬ ባለ ታንኩ ነው።

የራሱ ጣሪያ ያለው ሰው የፀሐዩን ያስብ። በበጋ ወራት ያለ ወጪ ያሞቃል፤ ለክረምቱ ደመና ግን የመብራት መደገፊያ ያለውን ይምረጥ፤ ሮቶውም ከፀሐይ ታንኩ ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

አንድ ነገር ላይ አልደራደርም፤ የመሬት መስመር። የማሞቂያው ሽፋን ሲሰነጠቅ መብራቱ ውሃውን ያገኘዋል፤ ውሃው ደግሞ እርጥብ እግር ያለውን ሰው። በብዙ ቤቶች ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ አለው፤ ሦስተኛው ሽቦ ግን ከግድግዳው ጀርባ የትም አይደርስም። በመሳሪያ ሳልለካ አልሰቅልም፤ ከሌለ መጀመሪያ እሱ ይሠራ፣ በ30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ የሚቆርጥ ብሬከርም ይጨመር እላለሁ። ገንዘብ ካጠራችሁ ከቦይለሩ መጠን ቀንሱ እንጂ ከዚህ አትቀንሱ። አዲስ ቦይለር የምትገዙ ሁሉ፣ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ የመታጠቢያ ቤታችሁን የመሬት መስመር አስለኩ።