ከሚካኤል እስከ መድኃኔ ዓለም

በቢቸናም ሆነ በሞጣ ወደ ጥርስ ሐኪም የሚመጣ ሰው፣ ሌሊቱን ሲቃትት ያደረ ስለ ሆነ፣ ጣቱን ከታመመው ጥርስ ላይ አኑሮ «ይኸን ይንቀሉልኝ» ከማለት በቀር ሌላ ልመና የለውም፤ ሐኪሙም፣ ይልቁንም በገበያ ቀን ደጁ በሰው ሲሞላ፣ ዓይኑን ከተጠቆመው ጥርስ አንሥቶ ሌላውን መመልከት ይታክተዋል። የአፍ ነቀርሳ ግን ሲጀምር ብዙውን ጊዜ አያምምና በጣት የሚጠቁመው የለም።

ስለዚህ ጉጠት ከማንሣቴ አስቀድሜ፣ ካህናት መቅደሱን በዑደት እንደሚዞሩ፣ አፍን ከከንፈር እስከ ጉንጭ፣ ከድድ እስከ ላንቃ እዞረዋለሁ፤ በመጨረሻም የምላሱን ጫፍ በፋሻ ይዤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየሳብሁ ጎኑንና ሥሩን አያለሁ፤ ደዌው መሸሸግ የሚወደው በዚያ ነውና። የእናቶቻችን ድድ በንቅሳት ጠቁሮ መገኘቱ እንግዳ ሐኪም ያስደነግጥ ይሆናል፤ እኔን የሚያሰጋኝ ግን ተጠርጎ የማይለቅ ነጭ፣ ከነጩም ይልቅ እንደ ከፋይ የለሰለሰ ቀይ ነው። ዓይን የሳተውን ጣት ያገኘዋል፤ የክፉው ቁስል ጠርዝ ሲዳሰስ ይደነድናል።

ይህን ያስተማረኝ ስሕተቴ ነው። ከዲማ ጊዮርጊስ ወገን የመጡ አንድ መሪጌታ መንጋጋቸው ተነቃነቀ ቢሉኝ፣ እርጅና ነው ብዬ ነቀልሁላቸው፤ ከሁለት ወር በኋላ ጉድጓዱ ሳይገጥም፣ ሥጋ አብቅሎ ተመለሱ። ጥርሱን ያነቃነቀው ከሥሩ የበቀለው ኖሯል። «የኔታ፣ ስለ ምን ዘገዩ?» ብላቸው፣ «አላመመኝማ ልጄ፤ ዜማውም አልተሰናከለብኝ» አሉኝ።

የተሰበረ ጥርስ ምላስ ቢቦጭር፣ ስለቱን ሞርዶ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ሕጉ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያልዳነ ቁስል ቁራጭ ተወስዶለት በማይክሮስኮፕ መመርመር አለበት። ነገር ግን «በ14 ቀን ተመለስ» ብለው የላኩት ገበሬ፣ የሚያርሰውና የሚያጭደው ሳለ፣ ቀን ቆጥሮ እንደ ምን ይመጣል? እኔም ቀጠሮዬን ለበዓላት አደራ ሰጠሁ፤ በ12 ለሚካኤል ያየሁትን በ27 ለመድኃኔ ዓለም፣ ለመድኃኔ ዓለም ያየሁትን ለሚቀጥለው ሚካኤል እቀጥራለሁ። ጳጉሜን ካልገባችበት በቀር ወዲህም ወዲያም 15 ቀን ነው፤ በበዓል ስለማይታረስም ሞፈርና ቀንበር አይዙትም።

ጠበል ልጠመቅ የሚለኝንም አልከለክልም፤ ይጠመቅ፤ ብቻ ቁራጩን አስቀድሞ ሰጥቶኝ፣ ለሕክምና ወደ ባሕር ዳር የሚላክበትን ወረቀት በኪሱ ይዞ ይሂድ።