ተንቀሳቃሽ ቅርስ፣ የማይንቀሳቀስ ባቡር

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ግዙፍነት ያለውና ግዙፍነት የሌለው ብሎ ይከፍላል፤ ግዙፉን ደግሞ ተንቀሳቃሽና የማይንቀሳቀስ ይለዋል። ክፍፍሉ ለብራና፣ ለመስቀል፣ ለሐውልትና ለአብያተ መንግሥታት አያስቸግርም። ምድር ባቡር ጋ ሲደርስ ግን ይወላገዳል። ሎኮሞቲቩ ተንቀሳቃሽ፣ ሐዲዱና ጣቢያው የማይንቀሳቀስ፣ ሎኮሞቲቩን ሐዲዱ ላይ የሚያስኬደው ሙያ ደግሞ ግዙፍነት የሌለው ይሆናል። አንዱ ነገር ሦስት መዝገብ ላይ ተበታተነ ማለት ነው። በአሮጌው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ላይ የደረሰውን ላየ ሰው ቃላቱ ራሳቸው ያሾፋሉ፦ ተንቀሳቃሽ የተባሉት ሎኮሞቲቮች ቆመዋል፤ የማይንቀሳቀስ የተባለው ሐዲድ ግን በየቦታው እየተፈታ የአጥር ቋሚ ለመሆን ተጉዟል።

ሦስቱ መዝገቦች ተመልሰው ካልተሰፉ ባቡር አይጠበቅም ባይ ነኝ። ከሦስቱ ደግሞ ቀድሞ የሚያልቀው ሙያው ነው። የፈረሰ ጣቢያ ፕላኑና ፎቶግራፉ ካለ ተመልሶ ይቆማል፤ ሐዲድም ገንዘብ ካለ ይነጠፋል። የባለሙያ እጅና ጆሮ ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። የባቡር ሙዚየም ስናስብ ግን ዘወትር የምንጀምረው ከሕንፃው ነው።

የመስመሩን ታሪክ አንባቢ ስለሚያውቀው በአጭሩ ልለፈው (ዓመታቱ ሌላ ካልተባለ በቀር በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ዳግማዊ ምኒልክ ፈቃዱን ለስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1894 ነው። ኢልግና ፈረንሳዊው ሊዮን ሼፍኖ ባቋቋሙት ኩባንያ አማካይነት ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ፤ በ1902 መጨረሻ ባቡሩ ከሐረር ተራራ ግርጌ ደረሰ። ተራራውን መውጣት ስላልተቻለ ሐረር ቀረችና በእሷ ፋንታ ሜዳው ላይ ድሬዳዋ ተወለደች። ከዚያ በኋላ የገንዘብ እጦቱ፣ የፈረንሳይ መንግሥት እጁን ማስገባቱና የምኒልክ ቁጣ ተደራርበው ሥራውን ለዓመታት ገቱት። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር። ለገሃር የምንለው የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው ደግሞ ዘግይቶ፣ በ1929።

ባቡር የሚለው ቃል ራሱ የእንፋሎት ልጅ ነው። እንፋሎት ከሚለው የአውሮፓ ቃል ተነሥቶ በዓረብኛ በኩል የደረሰን ነው፤ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን በምኒልክ ዘመን ያስመጣው የመንገድ መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» ሲባል ኖረ፣ እህል የሚፈጨውንም ሞተር ባቡር አልነው። ቃሉ እንፋሎትን ቢያስታውስም የተሳፋሪው ትዝታ ግን ሌላ ነው። መስመራችን በ1950ዎቹ ከእንፋሎት ወደ ናፍጣ ስለተዛወረ፣ ዛሬ በሕይወት ያለ ሰው ስለ ባቡር ሲያወራ የሚያነሣው ከሰልና ጭስ አይደለም። ኦቶራይ የሚባለውን የናፍጣ የመንገደኛ ባቡር ያነሣል፤ የሦስተኛ ማዕረግ አግዳሚን፣ ሌሊቱን ሙሉ የማይቆመውን ወሬ፣ በየጣቢያው መስኮት ሥር የሚሸጠውን ያነሣል፤ ጨርቋን ከነጠላዋ ሥር ጠቅልላ ከፈታሽ ጋር የምትደባበቀውን ነጋዴም። አንዳንድ የአገራችን ሐሳብ አቅራቢዎች «የቅርስ ባቡር» ሲሉ ጭስ የሚተፋ ጥቁር ሎኮሞቲቭ በዓይነ ሕሊናቸው ይሥላሉ። ያ የእንግሊዝ ናፍቆት ነው። በውሰት የመጣ ናፍቆት ደግሞ ጎብኚ ቢያመጣም ባለቤት አያፈራም።

የእንግሊዞቹ ናፍቆት ግን ከምን እንደተነሣ ማየት ይጠቅማል። ዌልስ ውስጥ ታሊሊን የምትባል፣ ከ1860ዎቹ ጀምሮ ከተራራ የጣሪያ ድንጋይ የምታወርድ ጠባብ የባቡር መስመር ነበረች። ባለቤቷ ሰር ሄይደን ጆንስ በ1950 ሲሞቱ ትዘጋለች ተብሎ ተጠበቀ። ደራሲው ኤል. ቲ. ሲ. ሮልትና ጓደኞቹ ማኅበር አቋቁመው በግንቦት 1951 ራሳቸው አስነሷት። በዓለም በበጎ ፈቃደኞች የተያዘች የመጀመሪያዋ የባቡር መስመር የምትባለው እሷ ነች። ያኔ መሥራት የሚችል የቀራት አንድ ሎኮሞቲቭ፣ ዶልጎክ፣ ብቻ ነበር። አጠገቧ ከተዘጋች ሌላ መስመር ሁለት ሎኮሞቲቮች እያንዳንዳቸውን በ25 ፓውንድ ገዙ፤ ሣር የዋጠውን ሐዲድ በእጃቸው አጸዱ። በብሪታንያ ከዚያ በኋላ የተነሡት በርካታ የቅርስ ባቡሮች የዚህች ትንሽ መስመር ልጆች ናቸው።

ይህን ታሪክ የሚያነብ ኢትዮጵያዊ «ደቦ አይደለም እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። ነው፣ ግን የማን ደቦ? የታሊሊን በጎ ፈቃደኞች ከሰኞ እስከ ዓርብ ደመወዝ የሚያገኙበት ሥራ ያላቸው፣ ቅዳሜና እሑዳቸውን የሚሰጡ ሰዎች ነበሩ። የድሬዳዋ የምድር ባቡር ጡረተኛ ቅዳሜም እሑድም የዕለት እንጀራው ሐሳብ አለበት። ሙያውን በነጻ ያስተምር ማለት ከድሃ ምጽዋት እንደመጠየቅ ነው። ደቦም ቢሆን ባለማሳው ደግሶ የሚጠራው ሥራ ነው፤ ሳይደግሱ የሚጠሩት ደቦ የለም።

ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ የአሥመራና የምጽዋ መስመር ነው። ጣሊያኖች በ1887 ከምጽዋ ጀምረው በ1911 አሥመራ ያደረሱት ይህ ሐዲድ 118 ኪሎ ሜትር ብቻ ተጉዞ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ስፋቱ 950 ሚሊ ሜትር ነው። በ1970ዎቹ በጦርነቱ ተቋረጠ፤ ሐዲዱና ከሥሩ የሚነጠፈው የብረት አግዳሚም ተነቅሎ የምሽግ ጣሪያና ግድግዳ ሆነ። ኤርትራ ነጻነቷን በ1993 ካወጀች በኋላ መንግሥቷ የውጭ ተቋራጮች የጠየቁትን ዋጋ ትቶ የቀድሞ ሠራተኞችን ጠራ። ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሰዎች ቱታቸውን ለብሰው ተመለሱ። ብረቱ ከየምሽጉ ተለቀመ፤ የተጣመመው ተቃና። አንሳልዶ በ1938 የሠራቸው ሎኮሞቲቮችና ሊቶሪና የሚባሉት የፊያት ባለሞተር ፉርጎዎች አሥመራ ወርክሾፕ ውስጥ ተፈትተው ተገጠሙ፤ በ2003 ባቡር እንደገና አሥመራ ገባ።

ይህን ሥራ ከሙዚየም ሥራ ሁሉ አስበልጬ አየዋለሁ። ገንዘብ ሳይሞላ፣ ሐዲድም ሳይኖር፣ የሚያውቅ ሰው ስለነበረ ብቻ የተሠራ ነው። ድክመቱም እዚያው ነው። ሽማግሌዎቹ ያን ሁሉ ሲሠሩ ከኋላቸው የተሰለፈ ወጣት ስንት ነበር? ባቡሩ በአብዛኛው የሚነሣው ለጎብኚ ቡድን ሆኖ ሳለ አንድ ልጅ ሕይወቱን በዚህ ሙያ ላይ ለመጣል ምን ምክንያት አለው? የተመለሰ ባቡር ወራሽ ከሌለው ሁለተኛ ይቆማል። ያን ጊዜ የሚጠራ ሽማግሌ አይኖርም።

ድሬዳዋ ወርጄ አሮጌውን ጣቢያ ያየሁት ይህን እያሰብኩ ነው። የግንባሩ ጽሑፍ በፈረንሳይኛና በአማርኛ ነው። ከጀርባው ባለው የጥገና ግቢ ውስጥ ረጃጅም አዳራሾች፣ የፈረንሳይ ፋብሪካ ስም በላያቸው ላይ የተቀረጸባቸው ቶርኖዎች፣ የቆሙ ፉርጎዎች አሉ። ያስጎበኙኝ ጡረታ የወጡ መካኒክ ነበሩ። «አንቱ» ብዬ ስጀምር ሳቁብኝ። «ድሬ አንቱ የለም፤ አንተ በለኝ።» እኔም አንተ አልኩት።

በእጁ እጀታዋ የረዘመ ትንሽ መዶሻ ይዟል። ከቆመው ፉርጎ አጠገብ ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያውን የብረት እግር መታ፤ ጥን ብሎ ረዘመ። ሁለተኛውን መታ፤ ያው ነው። ሦስተኛው ግን ድምፁ አጥሮ ቀረ፤ ውኃ የሞላ ጣሳ እንደመታህ።

«ሰማህ?»

«አዎ፤ ምንድን ነው?»

«ታማለች። ወይ ስንጥቅ አላት፣ ወይ ቀለበቷ ላልቷል።»

«ጋሼ፣ እንዴት ነው የምትለየው?»

«እናትህ ገበያ ገንቦ ስትገዛ እንዴት ትለያለች?»

እናቴ በመሐል ጣቷ አንኳኩታ ነው የምትለየው። ሻጯም ስታንኳኳ ዝም ብላ ትጠብቃለች፤ ደህናው ገንቦ ይጮሃል፣ የተሰነጠቀው ይታፈናል። መካኒኩ ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ የታመመችው እግር ላይ መስቀል አሰመረባት። ፉርጎው ከቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ የትም አይሄድም። ቢሆንም አሰመረ።

በሙዚየም ሙያ ውስጥ የቆየ ክርክር አለ፦ ታሪካዊ ሎኮሞቲቭ ይነዳ ወይስ ይቁም? ይቁም የሚሉት በከንቱ አይደለም። የሚሠራ ማሽን ይበላል፤ የተበላው ይለወጣል። በብሪታንያ የቅርስ ሎኮሞቲቭ ማሞቂያ በየ10 ዓመቱ ገደማ ከነቱቦዎቹ ተፈትቶ ይታደሳል፤ ይህ አምስት ጊዜ ከተደጋገመ ከመጀመሪያው ብረት ምን ቀረ ማለት ይቻላል። ይነዳ የሚሉት ደግሞ ቆሞ የሚያረጅም ያረጃል ይላሉ፦ ሲሊንደሩ ውስጡን ይዝጋል፣ ጎማው ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ክብደቱ አንድ ቦታ ላይ አርፎ ኩሺኔታውን ይጎዳዋል። የአውሮፓ የቅርስ ባቡሮች ፌዴሬሽን በ2000ዎቹ ያወጣው የሪጋ ቻርተር ማስኬዱን ራሱን የጥበቃ አካል አድርጎ ተቀብሏል።

ክርክሩ ለእኛ እንግዳ መሆን የለበትም። ቤተ ክርስቲያን ዳዊቱን በየቀኑ ትደግምበታለች፤ የገጹ ጠርዝ ከአውራ ጣት ብዛት ጠቁሯል፣ ሽፋኑ ተለውጧል፣ ስፌቱ ታድሷል። መጽሐፉን ከአንባቢው ነጥቆ መስታወት ውስጥ ማኖር ብራናውን ያድነዋል፤ የሚደግመውን ዲያቆን ግን አያፈራም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ብቸኛ ቅጂ የሆነውን ቆልፍበት፤ ብዙ የሆነውን አንብብበት። የንጉሠ ነገሥቱን ፉርጎዎች በመሰለ ብርቅ ነገር ማንም ሠልጣኝ እጁን አይፈታ። ከተራዎቹ ናፍጣ ሎኮሞቲቮች አንዱ ግን ለድሬዳዋ የቴክኒክ ተማሪዎች ይሰጥ፤ ይፍቱት፣ ያበላሹት፣ መልሰው ይግጠሙት፤ መካኒኩም አስተማሪ ተብሎ ደመወዝ ይቆረጥለት። ከጣቢያው እስከ ጎረቤት ከተማዋ ሽንሌ ያለችው አጭር መንገድ ለመሞከሪያ ትበቃለች። 784 ኪሎ ሜትሩን መልሰን እንዘርጋ የሚል ሰው ካለ ሕልም ነው የሚያልመው፤ የጭነቱን ሥራ በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ወስዶታል።

ሙዚየሙ ምን እንደሚናገርም ከአሁኑ ይታሰብ። የባቡር ሙዚየሞች ደስ የሚል ነገር ብቻ ማሳየት ይወዳሉ፦ ፊሽካ፣ የደንብ ልብስ፣ ባለቀለም ትኬት። በጥር 1977 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) አዋሽ አጠገብ ባቡር ወደ ገደል ገብቶ ከ400 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ በአፍሪካ ከደረሱት አስከፊ የባቡር አደጋዎች አንዱ ነው። ያንን የማይናገር የኢትዮጵያ የባቡር ሙዚየም ቢከፈት በበኩሌ አልገባበትም። የፈረንሳይ መንግሥት እጁን ያስገባበት የ1902ቱ የገንዘብ ውል፣ የሠራተኛው አቤቱታና የኮንትሮባንዱ ኢኮኖሚም ከሎኮሞቲቩ እኩል ቦታ ይገባቸዋል።

ለገሃር ሌላ ታሪክ ነው። በ2018 መጨረሻ ይፋ የሆነው የአካባቢው መልሶ ማልማት ዕቅድ 36 ሄክታር ይሸፍናል፤ ታሪካዊው ሕንፃ እንደሚጠበቅም ተነግሯል። መልካም። ሐዲድ የማይደርስበት ጣቢያ ግን ውብ ሕንፃ ነው እንጂ ጣቢያ አይደለም፤ ቢያንስ ጥቂት መቶ ሜትር ሐዲድና አንድ ፉርጎ ከፊቱ ይቅር። የይሁዳ አንበሳ ሐውልትም ሮም ደርሶ ተመልሶ ጣቢያው ፊት የቆመው ለከንቱ አይደለም፤ የሚወርድ ተሳፋሪ እንዲያየው ነው።

ከድሬዳዋው ግቢ ስወጣ በሩ ላይ የንብረት ምዝገባ ቅጽ አየሁ። የዕቃው ስም፣ የተሠራበት ቁስ፣ ርዝመት፣ ወርድ፣ ያለበት ሁኔታ። ቶርኖዎቹ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ ፉርጎውም። መዶሻዋ የለችበትም። መካኒኩን ስጠይቀው «የግሌ ነች፤ ማታ ይዣት እገባለሁ» አለኝ፤ ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ያለው ይመስል ወደ ፉርጎው ዞሮ ተመለከተና «ያቺን ባለ መስቀሏን ግን ሳትለውጡ እንዳታስነሷት» አለ።