ካድሚየምና የአይጥ ቆለጥ፤ ስለ አንድ የታወቀ ሙከራ አጭር ሒስ

ካድሚየም የወንድ እንስሳትን ዘር አፍሪ ሕዋሳት ያጠፋል የሚለው ቃል፥ ስለ ከባድ ብረቶች በሚጻፉ ጥናቶች መግቢያ ላይ ዘወትር ይገኛል። ቃሉ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የተመሠረተበት ሙከራ ምን እንዳሳየና ምን እንዳላሳየ ሳይመረመር ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ስለሚተላለፍ፥ ከዐቅሙ በላይ ሸክም ተጭኖበታል። የዚህ ሒስ ዓላማ ሙከራውን ማቃለል ሳይሆን ወሰኑን ማመልከት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በ1956 ፓርዢዜክና ዛሆርዥ የተባሉ የቼኮዝሎቫኪያ ተመራማሪዎች፥ የካድሚየም ጨው በመርፌ የተሰጠው አይጥ ቆለጡ በአጭር ጊዜ ውስጥ ደም ቋጥሮ እንደሚበላሽ ገለጡ። በ1957 ደግሞ ፓርዢዜክ ዚንክ በብዛት ቢሰጥ ጉዳቱ እንደሚከለከል አሳየ። ሥራው የሚደነቅ ነው፤ መርፌው አንድ፥ ውጤቱ ግልጽ፥ መከላከያውም የታወቀ ነው። በሌሎች ቤተ ሙከራዎችም ተደጋግሞ ተረጋግጧል።

ይሁን እንጂ መጀመሪያ የተመታው ምንድን ነው? በ1970 ሴቸልና ዌይትስ እንዳመለከቱት፥ ካድሚየም የቆለጥን ቀጫጭን የደም ሥሮች አሠራር ያዛባል፤ ሥሮቹም መያዝ የሚገባቸውን ያፈሳሉ። እንግዲህ በዚህ መጠን የዘር ሕዋሳት የሚሞቱት በአብዛኛው ቦዩ ተደርምሶ ውኃ እንደ ቀረበት አዝመራ ነው። ይህንንም የዘር ውርስ ጥናት ይደግፈዋል። አንዳንድ የትናንሽ አይጥ ዝርያዎች መርፌውን ይቋቋማሉ፤ ይህም ኃይል በአንድ ጂን እንደሚወሰን በ1973 ታወቀ። በ2005 ጂኑ ተለይቶ ሲገኝ፥ ሥራው ዚፕ 8 የተባለውን ብረት አሳላፊ ፕሮቲን ማስገኘት ሆነ፤ ፕሮቲኑም በሚጠቁት ዝርያዎች ቆለጥ ውስጥ በደም ሥሮች ውስጠኛ ሕዋሳት ላይ ይገኛል። ስለዚህ የአይጡን ዝርያ ሳይናገር «ካድሚየም አይጥን እንዲህ ያደርጋል» የሚል ጽሑፍ ጐደሎ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የመግቢያው በር ነው። በመርፌ የገባ ካድሚየም በአንድ ጊዜ በደም ውስጥ ይሠራጫል። በምግብና በውኃ ከገባው ግን ከአንጀት አልፎ ወደ ደም የሚደርሰው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን አብዛኛው በጉበትና በኩላሊት ሜታሎታዮኒን ከተባለ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ለብዙ ዓመት ይቀመጣል። የአንድ ቀን ጐርፍና የሃያ ዓመት ጠብታ አንድ ዐይነት ምስክር ሊሆኑ አይችሉም።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። በአይጥ ቆለጥ ውስጥ አንድ የዘር ሕዋስ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው ለመድረስ 50 ቀን ያህል ይፈጅበታል። በጥቂት ሳምንት የሚያልቅ ሙከራ የሚቈጥረው የወንድ ዘር አብዛኛው ብረቱ ከመሰጠቱ በፊት ማደግ የጀመረ ነው። ስለዚህ «ለውጥ አልታየም» ብሎ መደምደምም እንደዚያኛው ችኰላ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ካድሚየም በጥቂቱ ለቆለጥ አይጐዳም የሚል ቢኖር ይሳሳታል። በ1993 በወጣ ጥናት፥ አንድ ጊዜ ብቻ የተሰጠ አነስተኛ መጠን በአይጥ የበሰለው የወንድ ዘር ከአሳዳጊዎቹ ከሰርቶሊ ሕዋሳት በጊዜው እንዳይለቀቅ አድርጓል። ቆለጡን ካበሰበሰው መርፌ ይልቅ፥ ለሰው ጉዳይ ምናልባት ይበልጥ የሚያስተምረው ይህ ዝምተኛ ጉዳት ነው።

በጃፓን በቶያማ፥ በማዕድን ጕድጓድ ፍሳሽ በተበከለው በጂንዙ ወንዝ በሚለማ መሬት ላይ የበቀለ ሩዝ ሲበሉ የኖሩ ሰዎች፥ ኢታይ ኢታይ በተባለ በሽታ ተሠቃይተዋል። መንግሥት የበሽታው ምንጭ ካድሚየም መሆኑን በ1968 አምኗል። የተጐዱት ኩላሊትና አጥንት ሲሆኑ፥ ሕመምተኞቹም በብዛት በዕድሜ የገፉ ሴቶች ነበሩ። እንግዲህ ይህ መከራ ስለ ወንድ ዘር በዚህም ሆነ በዚያ ወገን ሊመሰክር አይችልም።

ስለዚህ ይህን ሙከራ የሚደግም ተማሪ አራት ነገሮችን ይጻፍ፤ የአይጡን ዝርያ፥ ብረቱ የገባበትን መንገድና መጠኑን፥ የቈየበትን ቀን፥ እንዲሁም በመኖው ውስጥ ያለውን ዚንክ። ብረት ያለበት ውኃ የሚጠጣ እንስሳ መኖ ሊቀንስ ስለሚችል፥ ያንኑ ያህል ብቻ የሚበላ ማነጻጸሪያ ቡድንም ያስፈልገዋል። ያለዚያ የረኀብን ሥራ የብረት ሥራ አድርጎ ይቈጥራል።

ነገሩ የሰዋስው ጥንቃቄ ብቻ አይደለም። በማቅለጫና በባትሪ ፋብሪካ የሚሠራ ሰው፥ ትንባሆ የሚያጨስም ጭምር፥ ካድሚየም በትንፋሹ ይወስዳል። ይህን ሰው በመርፌው ሙከራ ካስፈራራነውና ፍርሃቱ በእሱ ላይ እንደ ተባለው ሳይደርስ ቢቀር፥ ስለ ኩላሊቱ የምንነግረውንም እውነት አይሰማንም።