የከተማ ናፍቆት በልብ ወለዶቻችንና በመተማ ቆላ

ከከተማ ወጥቶ ወደ ገጠር የሚዘልቅ ምሁር በዘመናዊው የአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ የታወቀ ገጸ ባሕርይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መምህር ነው፤ መጻሕፍቱን በሻንጣው፣ ተስፋውን በልቡ ይዞ ይመጣል። ደራሲያን ይህን ሰው ሲስሉት በሁለት መልክ ማየት ይቀናቸዋል፤ ወይ ገጠሩን ሊለውጥ ቆርጦ የተነሣ ጀግና ነው፣ ወይም መብራትና አስፋልት አማረኝ እያለ የሚያላዝን ልፍስፍስ ነው። ትቶት የመጣውን ከተማ እየናፈቀ የተላከበትን ሥራ በሚገባ የሚሠራ ሰው ግን በገጾቻቸው ላይ እምብዛም አይገኝም። በኑሮ ውስጥ የሞላው ደግሞ ይኸኛው ነው።

ልማዱ ታሪካዊ ምክንያት አለው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎችን ከመመረቃቸው በፊት ወደ የጠቅላይ ግዛቱ ይልክ የነበረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት፣ ቀጥሎም በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ስድሳ ሺህ ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ያሰማራው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ፣ የከተማውን ወጣት ከገበሬው ጋር ፊት ለፊት አገናኝተዋል። ሁለቱም ስለ ግዴታ ብዙ ተነግሮባቸዋል፤ ስለ ናፍቆት ግን ጥቂት። በተለይ በአብዮቱ ዓመታት ከተማን መናፈቅ በንዑስ ከበርቴነት ሊያስፈርጅ የሚችል ስሜት ነበርና፣ የተሰማው ሰው በሆዱ ይዞት ኖረ። በሆድ የተያዘ ስሜት ወደ ሥነ ጽሑፍ ሲገባ ደግሞ መልኩን ለውጦ ነው።

የ1962 ዓ.ም. ሥራ የሆነው የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ለዚህ ግሩም ማስረጃ ነው። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ አደፍርስ ለአገልግሎት ወደ ሸዋ ገጠር ይወርድና ከባላባቱም ከገበሬውም ጋር ይከራከራል። ልብ ወለዱ አብዛኛውን ነገር በንግግር ይሸከማል፤ የአገሬው ሰው በአገሩ ዘዬ ይናገራል፣ አደፍርስ ግን መጽሐፍ መጽሐፍ በሚሸት አማርኛ ይመልሳል። አንባቢ ይህን እንደ ወጣቱ ትምክህት ብቻ ቢቆጥረው ያጎድልበታል። ያ ማብቂያ የሌለው ክርክር ሌላ ትርጉምም አለው፤ ሐሳቡን የሚቀበለው እኩያ ያጣ ሰው፣ ትቶት የመጣውን የግቢ ጭውውት ካገኘው ሰው ሁሉ ጋር ሊቀጥል ይታገላል። አደፍርስ ከተማ ናፈቀኝ ብሎ አያለቅስም፤ ናፍቆቱ ያለው በአነጋገሩ ውስጥ ነው። የደራሲው ብልኃትም እዚህ ላይ ይታያል።

የበዓሉ ግርማ «የኅሊና ደወል» ግን ሌላ መንገድ ይከተላል። በ1966 ዓ.ም. ታትሞ ከአብዮቱ በኋላ «ሐዲስ» በሚል ርእስ እንደገና የተሠራው ይህ ድርሰት፣ በኢሉባቦር ሱጴ ትምህርት ቤት እንዲሠራ የሚታገለውን መምህር ያቀርባል። ዓላማው የተቀደሰ፣ ትረካውም ሕያው ነው። ሆኖም የሥራው ግለት የብቸኝነቱን ሰዓት እየዋጠው ይሄዳል። ኅሊና ሲደወል የሚሰማ መምህር፣ ማታ ኩራዙን አብርቶ ሲቀመጥ ምን እንደሚሰማውም ቢነገረን ኖሮ ጀግንነቱ አይቀንስም ነበር፤ ይበልጥ ይታመን ነበር እንጂ።

ጥያቄው ያለፈ ዘመን ጥያቄ አይደለም። ገንዳ ውሃ በሚል ስሟም የምትታወቀው ሸሕዲ፣ ከጎንደር ወደ ሱዳን ድንበር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የምዕራብ ጎንደር ቆላ ከተማ ናት። ከደጋ ተመድቦ ለሚመጣ መምህር ወይም የጤና ባለሙያ ሙቀቱ፣ ወባው፣ ካላ አዛሩ፣ በክረምት እግርና ጎማ የሚይዘው ዋልካ አፈር ፈተናዎች ናቸው። መተማ በጽሑፍ ሲነሣም አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው አፄ ዮሐንስ ባረፉበት በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ጦርነት ምክንያት ነው። ከዚያ በፊት የጎንደር ነጋዴ ከሱዳኑ ጋር የሚገናኝበት፣ ከምዕራብ የመጡ ተክሩሮች የሰፈሩበት ታላቅ ገበያ እንደነበረ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ይህ ምድር ከዓለም ተለይቶ አያውቅም።

ዛሬም ሰሊጥ ሲደርስ ከደጋው የሚጎርፈው የቀን ሠራተኛ፣ በአካባቢው አጠራር ሳሉጉ፣ ከተማዋን ያጨናንቃታል። አጨዳው ሲያበቃ ሕዝቡ ይበተናል፣ ጸጥታው ይመለሳል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን የከተማ ናፍቆት የያዘው ሰው በጥቅምቱ ግርግር መካከልም መናፈቁን አለመተዉ ነው። እንግዲያው የሚናፈቀው የሰው ብዛት አይደለም፤ መብራቱም ብቻ አይደለም። ያነበቡትን መጽሐፍ ካነበበ ሰው ጋር መነጋገር፣ ትያትር አይቶ እየተከራከሩ ወደ ቤት መመለስ፣ ማንም ሳያውቅ በጎዳና ማለፍ ነው። ይህን ለይቶ የሚያሳይ ድርሰት ናፍቆትን ከማላዘን ያወጣዋል፤ ገጠሩ የተነፈገውን ነገር የሚቆጥር መለኪያም ያደርገዋል።

ከዚህም የሚልቅ ነገር አለ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በፈነዳ ጊዜ፣ የሚሊዮኖች ከተማ የነበረችውን መዲና ለቅቀው በገላባት በኩል ወደ መተማ የገቡ ብዙዎች ናቸው፤ ከእነሱም በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች የሰፈሩ ነበሩ። የዓባይን ዳርቻ ምሽት ለለመደ የካርቱም ሰው ይህ ቆላ ባዶ ገጠር ነው። ከበለሳ በእግሩ ለሚመጣ አጫጅ ግን ሸሕዲ ራሷ ከተማ ናት፤ ወደ መንደሩ ሲመለስ የሚናፍቃትም እሷን ሊሆን ይችላል። ከአዲስ አበባ የተመደበው መምህር በሁለቱ መካከል ተቀምጦ ናፍቆቱን የብቻው ይመስለዋል። በአንድ ጀበና ዙሪያ ሦስት ናፍቆት ይገናኛል፤ ደራሲ ከዚህ የበለጠ ምን መነሻ ይሻል?

ጉዳዩ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ናፍቆቱን የሚደብቅ መምህር የዝውውር ቀኑን እየቆጠረ ይኖራል፤ ተማሪዎቹም በየጊዜው ከሚቀያየር እንግዳ ይማራሉ። ከዚያም በላይ፣ የሸሕዲ ልጅ የሚያነባቸው መጻሕፍት ሁሉ ሕይወት ሌላ ቦታ እንዳለ የሚነግሩት ከሆነ፣ የትውልድ ቦታውን እንደ መሸጋገሪያ ከማየት በቀር ምርጫ አይኖረውም። እንዲህም ሆኖ ናፍቆትን ማክበር ከተማን ማምለክ አይደለም። ዓይኑን ወደ ኋላ ብቻ የተከለ ሰው በፊቱ ያለውን የጉሙዙን ዘፈን፣ የዕጣን ለቃሚውን ሙያ፣ ድንበር ተሻግሮ የሚሰማውን የሱዳን ዜማ ሳያይ ያልፋል።

ስለዚህ ከደራሲያን የሚጠበቀው ከጀግናውና ከልፍስፍሱ መካከል የቆመውን እውነተኛ ሰው በሙሉ ልብ መሳል ነው። ከባህል ተቋማት የሚጠበቀው ደግሞ ቤተ መጻሕፍቱን፣ መድረኩንና የውይይት ክበቡን ቆላ ድረስ ማውረድ፣ የቆላውንም ጥበብ ወደ መዲናው መድረክ ማውጣት ነው። ናፍቆት በስብከት አይፈወስም። የተናፈቀው ነገር በሰፈሩበት ምድር መብቀል ሲጀምር ግን፣ የመጣው ሰው ለመቆየት፣ የተወለደውም ለመኩራት ምክንያት ያገኛል።