ሹሩባ በቤትና በመድረክ፤ የይዘትና የቅርጽ ጥያቄ

የኪነ ጥበብ ሥራ ሲባል በቅድሚያ ወደ አእምሮ የሚመጣው በሸራ ላይ የተሳለው፣ ከድንጋይ የተጠረበው ወይም በመድረክ የሚታየው ነው። ዘመናትን ያስቆጠረ ሆኖ ሳለ በሠሪዎቹም ሆነ በተመልካቾቹ ዘንድ እምብዛም «ጥበብ» ተብሎ ያልተጠራ አንድ ሙያ ግን አለ፤ እርሱም ጠጉርን በቤት ውስጥ የመንከባከብና የመሥራት ሙያ ነው። ሠሪዋ ስሟን አትጽፍበትም፤ ሥራው በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይፈታል፤ በሙዚየም አይቀመጥም። ይሁን እንጂ መስመር፣ ሚዛን፣ ቅንብርና ትርጉም ያለው በመሆኑ እንደማንኛውም የጥበብ ሥራ ሊመረመርና ሊተች ይገባዋል።

በኢትዮጵያ የጠጉር አሠራር ጌጥ ብቻ ሳይሆን ቋንቋም ነበር። መሐል አናቷን ተላጭታ ዙሪያውን ያሳደገች ሳዱላ ገና ያላገባች መሆኗ በሩቁ ይታወቅ ነበር፤ ስታገባ የተላጨው አድጎ ሹሩባ ትሠራለች። ቁንጮና ጋሜ የልጅነትን ዕድሜ ይናገሩ ነበር። የቅርብ ሰው የሞተባት ሴት ጠጉሯን ስትቆረጥ ወይም ስትላጭ ሐዘኗ ያለ ቃል ይነበብ ነበር። በወንዶች ዘንድ ሹሩባና ጎፈሬ የጦረኛነት ምልክት ነበሩ፤ «ጎፈሬ» የሚለው ቃል ራሱ የአንበሳን ጋማ ከሚያመለክተው «ጎፈር» ጋር ዝምድና አለው። ከደጋው ውጭም ይህ ቋንቋ ሰፊ ነው። የከረዩ ወጣት ጉንፉራውን በቅቤ እያለሰለሰ፣ በእንጨት ሚዶ እያፍታታ ያሳድጋል። የሐመር ሴት ጠጉሯን በቀይ አፈርና በቅቤ ለውሳ በቀጫጭን ዘለላ ታወርደዋለች። አሠራሩ ይለያይ እንጂ ጥሬ ዕቃው አንድ ነው፤ ጥቅልል ጠጉር።

የዚህን ጥበብ ዋጋ ለመመዘን የጥሬ ዕቃውን ጠባይ ማወቅ ግድ ይሆናል። ጥቅልል ጠጉር ተቆርጦ በማጉያ መነጽር ቢታይ ዘለላው እንደ ሉጫ ጠጉር ክብ ሳይሆን ጠፍጠፍ ያለ ሞላላ ነው። ከራስ ቆዳ የሚመነጨው ወዝ በሉጫ ጠጉር ላይ እስከ ጫፍ በቀላሉ ይወርዳል፤ በጥቅልሉ ላይ ግን በየመታጠፊያው ስለሚያዝ ጫፉ ይደርቃል። መታጠፊያው ደካማ ቦታ በመሆኑ በደረቁ የተበጠረ ጠጉር ከዚያ ላይ ይሰበራል። ብዙዎች «አላድግ አለኝ» የሚሉት ጠጉር አብዛኛውን ጊዜ ማደጉን ያቆመ አይደለም፤ ከሥሩ ባደገ መጠን ከጫፉ እየተሰበረ ነው።

እንግዲህ በየቤቱ የሚታየው የእናቶች አሠራር ለዚህ ጠባይ የተሰጠ መልስ ሆኖ ይገኛል። ልጅቱ ከእናቷ ወይም ከአክስቷ ጉልበት ሥር ትቀመጣለች። ጠጉሩ ይታጠባል፤ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅም በጣት ይፍታታል፤ ሚዶውም ከጫፍ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ሥሩ ይወጣል እንጂ ከሥር ወደ ጫፍ አይጎተትም። በአደስ የታሸ ለጋ ቅቤ በራስ ቆዳና በዘለላው ላይ ይቀባል፤ ራሱ በሻሽ ታስሮ ፀሐይ ላይ ሲቆይ ቅቤው ቀልጦ ይሰርጋል። ቅቤ በራሱ ውሃ አይሆንም፤ ሥራው በጠጉሩ ውስጥ ያለው እርጥበት እንዳይተን መሸፈን ነው፤ ስለዚህም ከውሃው ቀጥሎ መምጣቱ የልምድ ብቻ ሳይሆን የአመክንዮም ቅደም ተከተል ነው። ከዚያ በወስፌ ጫፍ መስመር ይወጣል፤ ጉንጉኑም ይጀመራል። አንዴ ከተጎነጎነ በኋላ ጠጉሩ በየቀኑ ሚዶ አይነካውም፤ ጫፉም ተሰብስቦ ያርፋል። ሹሩባ ያማረ ብቻ ሳይሆን ጠጉር የሚያርፍበት ቤት ነው።

የሹሩባ ይዘትና ቅርጽ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። መስመሩ ቀጥ ያለው ለዓይን ብቻ ሳይሆን የመሳቡ ኃይል በሁሉም ዘለላ ላይ እኩል እንዲከፋፈል ነው። ከግንባር ቀጭን ሆኖ ተነሥቶ ወደ ማጅራት እየወፈረ የሚሄደው ጉንጉን የራስን ቅርጽ ተከትሎ ይወርዳል፤ በትግራይ እንደሚታየው አልባሶ ያለው ወፍራሙና ቀጭኑ ሲፈራረቅም ዜማ ያለው ድግግሞሽ ይፈጥራል። መልካም ሠሪ የምትለየው በጉንጉኑ ብዛት አይደለም፤ የልጅቱን ፊት፣ የጠጉሯን ውፍረትና የራስ ቆዳዋን ጥንካሬ አይታ በመወሰኗ ነው። ቅርጹ ከእንክብካቤው የተወለደ በመሆኑ አንዱን ከሌላው ነጥሎ መውሰድ ሁለቱንም ማጉደል ይሆናል።

ሠዓልያን ይህን ጠጉር እንዴት አዩት? በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ በረድፍ የተደረደሩት መላእክት ትላልቅ ዓይኖቻቸውን ወደ ታች ጥለው ሲታዩ ፊታቸውን የከበበው ጥቁር ጠጉር ነው። ሠዓሊው ለሰማያዊው ፍጡር ውበት ሲሻ ጠጉሩን ከሩቅ አገር አልተዋሰም። ይህ ምሳሌ ከኋላ ለመጡት ብዙ ሥዕሎች ወቀሳ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስን የሚያሳዩት የአደባባይና የገበያ ሥዕሎች ሹሩባውን አይዘነጉም፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ጉንጉኑን እንደ ገመድ በራስ ላይ ያስቀምጡታል፤ መስመሩ ከየት እንደተነሣ፣ ዘለላው ከቆዳው እንዴት እንደወጣ አይታይም። የንጉሡ ጠጉር የያዘው ክብደት ግን በታሪክ የተመሰከረ ነው። በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ በሞቱ ጊዜ ከራሳቸው ላይ የተቆረጠው ጠጉር ወደ እንግሊዝ ተወስዶ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1959 ለንደን ወደሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ገባ፤ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሷል። ለአንድ ቁራጭ ጠጉር ይህን ያህል ክብር የሰጠ ሕዝብ ሥዕሉም ጠጉሩን በጥንቃቄ እንዲያየው ቢጠይቅ አይበዛበትም።

የመድረኩ ጉድለት ከዚህ የከበደ ነው። ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ በትግራይ አሸንዳ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ፣ በራያ ሶለል ሲከበር ልጃገረዶች አስቀድመው በየሰፈሩ እርስ በርስ ይሠራራሉ፤ የአንዷ ራስ ከሌላዋ አይመሳሰልም። ይኸው ጨዋታ በአዳራሽ መድረክ ሲቀርብ ግን አሥርና ዐሥራ አምስት ተወዛዋዦች ከአንድ ከረጢት የወጣ አንድ ዓይነት ሰው ሠራሽ ሹሩባ ደፍተው ይታያሉ። ርዝመቱ እኩል፣ መስመሩ የማይንቀሳቀስ፣ ከግንባሩ ጋር የማይዋሐድ ነው። ተመልካቹ የሚያየው የበዓሉን ምልክት እንጂ በዓሉን አይደለም።

የመድረክ ሰዎች ለዚህ የሚያቀርቡት ምክንያት ሙሉ በሙሉ ውድቅ የሚሆን አይደለም። አንዲት ተወዛዋዥ በአንድ ምሽት ከጉራጌ ወደ ራያ፣ ከራያ ወደ ሸዋ በደቂቃዎች ውስጥ መለወጥ አለባት፤ ጠጉር ደግሞ በደቂቃ አይጎነጎንም። ችግሩ እውነተኛ ነው፤ መፍትሔው ግን ችግሩን መደበቅ አይደለም። የባህል ቡድን ለልብስ ሰፊ እንደሚቀጥር ሁሉ ሹሩባ ሠሪ እናትን በሙያ አማካሪነት ሊይዝ ይችላል። በአንድ ዝግጅት የሚቀርቡት ውዝዋዜዎች ቁጥር ቢቀንስና አንዱ በሙሉ ክብሩ ቢታይ ትርኢቱ ይከብራል እንጂ አይደኸይም። ሰው ሠራሽ ጠጉር የግድ በሚሆንበት ጊዜም በባለሙያ እጅ፣ በእያንዳንዷ ራስ ልክ ሊሠራ ይገባል።

ከሥዕልና ከመድረክ ባላነሰ ሁኔታ መመርመር ያለበት ቋንቋው ራሱ ነው። በአማርኛ የፍቅር ግጥምና ዘፈን ውስጥ የምትወደሰው ሴት ጠጉሯ ዞማ ነው፤ ጀርባዋ ላይ የሚተኛ፣ ነፋስ የሚያወዛውዘው። «ከርዳዳ» የሚለው ቃል ግን ለስድብ ካልሆነ እምብዛም አይሰማም። በዚህ የተነሣ ከአድማጮቹ ብዙዎቹ በራሳቸው ላይ ያለውን ጠጉር የሚያሞግስ አንድም ስንኝ ሳይሰሙ ያድጋሉ። ገጣሚው ውበትን ለመግለጥ መብት አለው፤ ነገር ግን አንድን ቅርጽ ብቻ ውበት ብሎ ሲደጋግም ምርጫ ሳይሆን ፍርድ እየሰጠ ነው። ፍርዱም የሚፈጸመው በትምህርት ቤት ግቢ፣ በሕፃናት ላይ ነው። ጠጉሯ «ክፉ» መሆኑን ከጓደኞቿ የሰማች ልጅ ከእናቷ ጉልበት ሥር መቀመጥን ትጠላለች፤ እናቲቱም ሙያዋን ለማን እንደምታወርስ ታጣለች።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ በአሜሪካ ያሉ ጥቁሮች ጠጉራቸውን ሳያለሰልሱ በማሳደግ የክብር ጥያቄ ሲያነሡ አፍሮው የአዲስ አበባ ወጣቶችንም ማረከ። በጎ ነገር ነበር፤ ግን የራስን ጎፈሬ በውጭ ፋሽን ስም መልሶ መቀበል እንደነበረ መዘንጋት አይገባም። ዛሬ የጋለ ፒያስትራና ማለስለሻ ኬሚካል በየሰፈሩ ይገኛል። ኬሚካሉ ጠጉሩን ቀጥ የሚያደርገው ውስጣዊ ማሰሪያውን በመበጠስ ነው፤ ቆዳን ሊያቃጥል ይችላል፤ አዲስ የሚበቅለው ደግሞ እንደገና ጥቅልል ስለሆነ ሥራው ማለቂያ የለውም። ሴት በራሷ ጠጉር ላይ የመወሰን መብቷ የሚያከራክር አይደለም። ሚዛኑ የሚዛባው ሌላውን መንገድ ሳታውቅ ስትመርጥ ነው።

ይህ ሲባል የቤቱ ልማድ ሁሉ እንከን የለውም ማለት አይደለም። «ጠበቅ ያለ ይቆያል» በሚል እምነት ልጅቱ ዓይኗን መክደን እስኪያቅታት የሚሳብ ሹሩባ የሙያ ጉድለት እንጂ የሙያ ምልክት አይደለም። በግንባርና በጆሮ ግንድ ዙሪያ ያለው ስስ ጠጉር በተደጋጋሚ ሲሳብ ከሥሩ እየተነቀለ ይሳሳል፤ ጉዳቱ ለዓመታት ከቀጠለም ዳግመኛ ላይበቅል ይችላል። ለሳምንታት ሳይታጠብ የሚከማች ቅቤም አቧራ ይይዛል፤ ፎረፎር ያለበትን ራስ ያባብሳል። ቅርስን መውደድ ስሕተቱንም አብሮ ማውረስ መሆን የለበትም፤ ላላ አድርጎ መጀመር፣ በጊዜው መፍታት፣ አጥቦ ማሳረፍ የጥበቡ አካል ነው።

የጽሑፍ ሥራ ጸሐፊው ቢሞት በመጽሐፍ ይኖራል። የሹሩባ ሙያ ግን መጽሐፉ የሕያው ሰው ራስ ነው፤ አንድ ትውልድ መሥራቱን ካቆመ ቀጣዩ የሚያነበው አያገኝም። ስለዚህ ሠዓሊው ጉንጉኑን ከመሳሉ በፊት ሲጎነጎን ቁጭ ብሎ ይመልከት፤ የባህል ቡድኑ ሠሪዎቹን በስማቸው ያስተዋውቅ፤ መምህራን በክፍል ውስጥ ለጠጉር የሚወጣውን የስድብ ስም በዝምታ አይለፉ፤ ገጣሚውም ለጥቅልሉ ጠጉር የሚገባ ቃል ይፈልግ። እናቶች እጃቸው ገና ሳይዝል ሥራው መጀመር አለበት።