«አይስማማውም» የሚለው አቤቱታና የሕፃናት ሕክምና መመሪያችን፦ ሂሳዊ ምልከታ

ክብደቱ ለዕድሜው ያነሰ ሕፃን አቅፋ ወደ ጤና ጣቢያ የምትመጣ እናት ከምታቀርባቸው አቤቱታዎች አንዱ «ምግብ አይስማማውም» የሚል ነው። ወተት ሆዱን ይነፋዋል፤ የስንዴ ገንፎ ያስቀምጠዋል፤ እንቁላል ያስመልሰዋል ትላለች። ባለሙያው የሚሰጠው መልስ ቀላል መስሎ ቢታይም የሚያስከትለው ውጤት ከባድ ነው። «እንግዲያው ተይው» ካለ፣ ከሕፃኑ ገበታ ላይ ምናልባት ብቸኛ የሆነውን የእንስሳት ተዋጽኦ ያነሣበታል። «ይህ ያለማወቅ ነው» ብሎ ካለፈው ደግሞ እውነተኛ ሕመም ሳይታወቅ ይቆያል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በየጤና ጣቢያው የምንገለገልበት የተቀናጀ የጨቅላ ሕፃናትና የሕፃናት ሕክምና መመሪያ ባለሙያውን ከእነዚህ ሁለት ስሕተቶች ምን ያህል እንደሚጠብቀው መመርመር ነው።

የመመሪያው ጠንካራ ጎን

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያዘጋጁትና አገራችን ከራሷ ሁኔታ ጋር አጣጥማ የተቀበለችው ይህ መመሪያ ስለ ወተት የያዘው አቋም ሊመሰገን ይገባል። ተቅማጡ 14 ቀንና ከዚያ በላይ የቆየበት ሕፃን ጡት የሚጠባ ከሆነ ቀንም ሌሊትም አዘውትሮ እንዲጠባ ያዛል። ሌላ ወተት የሚወስድ ከሆነም በጡት ወተት፣ ወይም እንደ እርጎ ባለ የረጋ ወተት እንዲለወጥ፣ አለዚያም ግማሹ ወተት ወፈር ባለ ገንቢ ምግብ እንዲተካ ይመክራል። ከ5 ቀን በኋላም ሕፃኑ ተመልሶ እንዲታይ ቀጠሮ ይሰጣል። በምክሩ ውስጥ ጎልቶ የሚታየው «ከልክሉ» የሚለው ሳይሆን «ለውጡ» የሚለው ሐሳብ ነው።

ለዚህም በቂ ምክንያት አለ። ተቅማጥ የትንሹን አንጀት ሽፋን ሲጎዳ፣ ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር የሚፈጨው ላክቴዝ የተሰኘ ኢንዛይም ለጊዜው ይቀንሳል። ሽፋኑ ሲያገግም ኢንዛይሙም ይመለሳል። ወተት ሲረጋ ባክቴሪያዎች ከላክቶሱ ከፊሉን ስለሚጠቀሙበት እርጎ ለተጎዳ አንጀት ይቀላል። እርጎ በእያንዳንዱ ቤት ባይገኝም ለደገኛዋ እናት እንግዳ ምግብ አይደለም፤ ከሩቅ ከተማ የሚገዛ ልዩ ወተትም አያስፈልጋትም።

ያልተጠየቀው ጥያቄ

ይሁን እንጂ የወተት ነገር የተነሣው በቆየ ተቅማጥ ሥር ነው። ተቅማጥ የሌለበት፣ ነገር ግን ክብደቱ አልጨምር ያለ ሕፃን እናት «አይስማማውም» ስትል ባለሙያው ገልጦ የሚመለከተው ገጽ የለውም።

ሁለተኛውና ዋናው ጉድለት ግን ከአመጋገብ ጥያቄዎቹ ይመነጫል። በመነሻው ሰንጠረዥ የተዘረዘሩት ጥያቄዎች ጥሩ ናቸው፦ ጡት ይጠባል? በቀን ስንት ጊዜ? በሌሊትስ? ሌላ ምን ምግብና ፈሳሽ ይወስዳል? በምን ይመገባል? የራሱ ድርሻ አለው? ማን ያበላዋል? በዚህ ሕመም ምክንያት አመጋገቡ ተለውጧል? «ቀድሞ ይሰጠው የነበረና አሁን የተወው ምግብ አለ? ለምን?» የሚለው ግን ከእነዚህ መካከል የለም። የመጨረሻው ጥያቄ የአሁኑን ሕመም ብቻ ስለሚመለከት፣ ከስድስት ወር በፊት የተቋረጠ ወተት በእርሱ አይያዝም። ባለሙያው ሕፃኑ የሚበላውን ይመዘግባል፤ የተከለከለውን ግን አያውቅም።

ጉዳዩን ግልጽ ለማድረግ ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ ምስርና ጤፍ በሚመረትበት በደጎሎ አካባቢ የሚኖር የ15 ወር ሕፃን በምሳሌነት እንውሰድ። በክረምት ተቅማጥ ያዘውና እናቱ የላም ወተት አቋረጠችበት። ተቅማጡ በሳምንት ውስጥ ቆመ። አብዛኛው ድንገተኛ ተቅማጥ በራሱ ጊዜ የሚቆም ቢሆንም፣ የተሻለው ወተቱ በመቅረቱ ነው ተባለ። ከዚያ ወዲህ ሕፃኑ ከጡት ሌላ የሚቀምሰው እንጀራ በሽሮ ብቻ ነው። በጥር ወር የክንዱ ዙሪያ ሲለካ 11.9 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ባለሙያው መካከለኛ የምግብ እጥረት መሆኑን በትክክል ለየ፤ ወተትና እንቁላል እንድትጨምርለትም መከረ። እናትየው አንገቷን ነቅንቃ ሄደች፤ በልቧ ግን ወተት እንደማይስማማው «ታውቃለች»። ምክሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ከጤና ጣቢያው በር አላለፈም።

የጾም ወራትም ተመሳሳይ ውዥንብር ሊፈጥሩ ይችላሉ። ሕፃናት የመጾም ግዴታ ባይኖርባቸውም፣ በጾም ቤት የፍስክ ምግብ ስለማይሠራ ወተትና እንቁላል ከእነርሱም ይርቃሉ። የሕፃኑ ሆድ በዚያው ሰሞን ቢሻለው ወተቱ ይከሰሳል።

ጥርጣሬው እውነት ሲሆን

ከላይ የተነገረው እናቶች ሁልጊዜ ይሳሳታሉ ለማለት አይደለም። ሦስት ሁኔታዎችን ለይቶ ማየት ያሻል።

የመጀመሪያው የላክቶስ አለመፈጨት ነው። በዘር የሚወረሰው የላክቴዝ መቀነስ በብዙ ኢትዮጵያውያን አዋቂዎች ዘንድ የሚገኝ ቢሆንም፣ ምልክቱ ከሁለትና ከሦስት ዓመት ዕድሜ በፊት እምብዛም አይታይም። ስለዚህ አባትየው ወተት ስለማይስማማው የአንድ ዓመት ልጁም አይስማማውም ማለት አይቻልም። ሁኔታው ሆድ ቢነፋም ቢያስቀምጥም ብቻውን ሕፃንን ያቀጭጫል ተብሎ አይገመትም። በከፋ ሁኔታ ለተጎዱ ሕፃናት የሚሰጡት ኤፍ-75፣ ኤፍ-100 እና ፕላምፒ ነት ወተት ያለባቸው ሆነው ሳለ አብዛኞቹ ሕፃናት ይቀበሏቸዋል።

ሁለተኛው የላም ወተት ፕሮቲን አለርጂ ነው። ደም ወይም ንፍጥ ያለበት ሰገራ፣ የማያባራ ማስመለስ፣ ችፌ የመሰለ የቆዳ ሕመም ሲኖር ሊጠረጠር ይገባል። አብዛኞቹ ሕፃናት ለትምህርት ሳይደርሱ ይተዉታል።

ሦስተኛው ሴሊያክ የተባለው ሕመም ነው። በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን ያስነሣዋል፤ ጤፍ ግሉተን የለውም። ሆኖም የደጋው እንጀራ ገብስ ወይም ስንዴ ሊቀላቀልበት ስለሚችል «የሚበላው እንጀራ ነው» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም። በዚህ ሕመም ረገድ ታሪክ ጥሩ ትምህርት ይሰጠናል። አሜሪካዊው ሐኪም ሲድኒ ሀስ እ.ኤ.አ. በ1924 ሕፃናቱ ሙዝ በመብላታቸው እንደዳኑ ጻፈ። ያዘዘው አመጋገብ ዳቦንና እህልን የሚከለክል ነበርና የፈወሳቸው የተጨመረው ሙዝ ሳይሆን የተነሣው ስንዴ ነበር። ይህን በማስረጃ ያረጋገጠው ሆላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ቪለም ዲከ ሲሆን፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ያቀረበው በ1950 ነው። ትኩረቱን ወደ ዳቦ የሳበችው ልጇ ዳቦ ሲቀርበት እንደሚሻለው የነገረችው እናት እንደነበረች ይነገራል። እንግዲህ የእናት ቃል መረጃ ነው፤ ምክንያቱን ለይቶ ማወቅ ግን የባለሙያው ድርሻ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሚዛኑ ሊዘነጋ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ፣ 24 በመቶው ክብደታቸው ያነሰ መሆኑን አሳይቷል፤ በአማራ ክልል የቀነጨሩት 46 በመቶ ነበሩ። ከ6 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት ዝቅተኛውን ተቀባይነት ያለው አመጋገብ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ናቸው። በእንዲህ ያለ አገር ለከሳ ሕፃን ቀዳሚው ጥርጣሬ የማይስማማ ምግብ ሳይሆን ያልተገኘ ምግብ ነው፤ ከእርሱም ጋር ጃርዲያ፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ ኤች አይ ቪና የሽንት ቧንቧ ልክፈት ይታሰባሉ።

ማጠቃለያ

መመሪያው መሠረቱ ጽኑ ነው፤ የጎደለው ጥቂት መስመር ነው። በአመጋገብ ጥያቄዎቹ መጨረሻ «የተወሽበት ምግብ አለ? መቼና ለምን?» የሚል ቢጨመር ብዙ ይፈታል። ለተጠረጠረ ምግብም አጭር ሥርዓት ያስፈልጋል፦ በአንድ ጊዜ አንድ ምግብ ብቻ ማቆም፤ በምትኩ የሚሰጠውን አብሮ መናገር፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ወስኖ ሕፃኑን መመዘን፤ ከዚያም ምግቡን በጥቂቱ መልሶ መሞከር። ፊቱን ያሳበጠው ወይም ትንፋሹን ያሳጠረው ምግብ ግን በቤት ዳግመኛ አይሞከርም፤ ሕፃኑ ወደ ሆስፒታል ይላካል። ሴሊያክ ሲጠረጠር ደግሞ ስንዴና ገብስ ከምርመራው በፊት መቋረጥ የለባቸውም፤ ከተቋረጡ ምርመራው ሕመሙን ላያሳይ ይችላል።

አቤቱታዋ ያልተሰማላት እናት እንጥል ወደሚቆርጥ፣ የወተት ጥርስ ወደሚነቅል ሰው ልትሄድ ትችላለች። አቤቱታዋ ሳይመረመር የተፈረመላት እናት ደግሞ በባለሙያ ቃል ልጇን ታስርባለች። ሁለቱንም የሚያስቀረው ከደቂቃ የማይበልጥ አንድ ጥያቄ ነው፤ መመሪያው በሚቀጥለው ጊዜ ሲሻሻል እንዲካተት፣ እስከዚያም እያንዳንዱ ባለሙያ በራሱ እንዲጠይቀው ያስፈልጋል።